ዘፋኙን እናውቃለን፣ ያጀቡትንስ? (ስለ ዋሊያስ ባንድ የተደረገ ንግግር)

የተከበራችሁ የሙዚቃ ወዳጆች፣ እንደምን አመሻችሁ!

ስለመጣችሁ ከልቤ አመሰግናለሁ። በተለይ እናንተ ከፊት የተቀመጣችሁ ታላላቆቼ፣ ዋሊያስን በዓይናችሁ ያያችሁ፣ በሙዚቃቸው የጨፈራችሁ፣ እናንተ ፊት ስለ ዋሊያስ መናገር ድፍረት ይጠይቃል። እናንተ በአካል ያያችሁትን እኔ ከሸክላና ከካሴት ነው የተማርኩት። ስለዚህ መሃል ላይ የምታክሉት ካለ እጃችሁን አውጡ፤ አቆማለሁ፤ አዳምጣለሁ።

ከመጀመሬ በፊት አንድ ጥያቄ ልጠይቃችሁ። «ኤሬ መላ መላ»ን የዘፈነው ማነው? (ከአዳራሹ፦ «ማህሙድ! ማህሙድ አህመድ!») እሰይ! ሁላችሁም አወቃችሁት። እሺ፣ ማህሙድን ያጀበው ባንድስ? (ጥቂት ድምፆች፦ «አይቤክስ!») ጎበዝ። አሁን ደግሞ ልጨምር፤ በአይቤክስ ባንድ ውስጥ ቤዝ ጊታር የሚጫወተው ማን ነበር? (ዝምታ። ከኋላ አንድ ድምፅ፦ «ጆቫኒ!») አዎ፣ ጆቫኒ ሪኮ። ግን አያችሁ? አዳራሹ ሙሉ ሰው አለ፤ ሁሉም የሙዚቃ ፍቅር የያዘው ሰው ነው፤ ጆቫኒን የጠራው ግን አንድ ሰው ብቻ ነው።

ዛሬ የመጣሁት ለዚህ ነው። እኛ ዘፋኝ እንወዳለን። ስሙን እናውቃለን፣ ፎቶውን እንሰቅላለን፣ ሲታመም እንጨነቃለን። ከኋላው የቆሙትን ግን «አጃቢ» ብለን እናልፋቸዋለን። ዋሊያስ ባንድ ደግሞ ይህን ልማዳችንን የሚሞግት ባንድ ነው። ለምን ቢባል፣ ትልቁ ሥራቸው ዘፋኝ የለውም! ዘፋኝ በሌለው ሙዚቃ ዓለም ያወቃቸው ባንድ ናቸው።

ሦስት ነገር አነሳለሁ፤ አንደኛ አመሠራረታቸውን፣ ሁለተኛ የሒልተንን ሌሊቶችና «ቼ በለው» የተባለውን አልበማቸውን፣ ሦስተኛ አሜሪካን። ዓመቶቹን በአውሮፓውያን አቆጣጠር እጠራለሁ፤ የሸክላዎቹ ታሪክ የተመዘገበው በዚያ ስለሆነ እንዳንምታታ ብዬ ነው።

አንደኛ።

ዋሊያስ ከባዶ አልመጣም። የአዲስ አበባ ዘመናዊ ሙዚቃ ለረጅም ጊዜ በመንግሥት እጅ ነበር። በ1924 ራስ ተፈሪ ከኢየሩሳሌም ካመጧቸው አርባዎቹ የአርመን ልጆች ጀምራችሁ ቁጠሩ፤ ከዚያ የክቡር ዘበኛ ኦርኬስትራ፣ የፖሊስ ኦርኬስትራ፣ የምድር ጦር፣ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቲያትር። ሙዚቀኛው ዩኒፎርም ለባሽ ነው፣ ደመወዝተኛ ነው። መሣሪያው የመንግሥት ነው። የዋሊያሱ ኦርጋን ተጫዋች ኃይሉ መርጊያ ራሱ ደብረ ብርሃን ተወልዶ፣ በልጅነቱ አዲስ አበባ ገብቶ፣ ገና በአሥራዎቹ ዕድሜ በጦር ሠራዊት ሙዚቃ ክፍል ያለፈ ልጅ ነው። አኮርዲዮንንም ያን ጊዜ ነው የያዘው። ይህን አኮርዲዮን አደራ አትርሱብኝ፤ እመለስበታለሁ።

ከዚያ የምሽት ክበቦች መጡ። በ60ዎቹ መጨረሻ አዲስ አበባ ውስጥ ክበብ በክበብ ሆነ። ወጣቱ ከኦርኬስትራ እየወጣ ወደ ክበብ ገባ። ይሁንና እዚያም ቢሆን መሣሪያው የማን ነው? የባለቤቱ! ኦርጋኑ የባለቤቱ፣ ድራሙ የባለቤቱ፣ ማጉያው የባለቤቱ። ሙዚቀኛ ከባለቤቱ ጋር ቢጣላ ባዶ እጁን ይወጣል። ጣቶቹን ይዞ ይወጣል እንጂ ሌላ ምንም የለውም።

ዋሊያሶች በቬኑስ ክበብ የሚጫወቱ ልጆች ነበሩ። በ70ዎቹ መጀመሪያ ላይ ግን ያደረጉት ነገር ለእኔ ከየትኛውም ዘፈናቸው አያንስም፤ የራሳቸውን መሣሪያ ገዙ። የራሳቸውን መሣሪያ ገዝተው፣ በባንድ ስም ከሒልተን ሆቴል ጋር ተዋዋሉ። እስቲ አስቡት! እያንዳንዱ ለየብቻው ሄዶ «ቅጠሩኝ» አላለም። «እኛ ዋሊያስ ነን፣ መሣሪያችን ይኸው፣ ሙዚቃችን ይኸው፣ እንዋዋል» ነው ያሉት። ከዚያ በኋላ የመጡ ባንዶች በራሳቸው ስም መቆም የቻሉት በዚህ በተከፈተ በር ገብተው ነው ብዬ አምናለሁ። ደጋፊዎች ስንሰባሰብ ስለ ዜማና ስለ ሸክላ እንጂ ስለዚህ ውል ብዙ አናወራም። ማውራት አለብን።

እነማን ነበሩ? ስማቸውን ልጥራ፣ እናንተም ከእኔ ጋር ጥሩ። ኦርጋን፣ ኃይሉ መርጊያ። ፒያኖ፣ ግርማ በየነ። ቤዝ፣ መላከ ገብሬ። ሊድ ጊታር፣ ማህሙድ አማን። ሳክስፎን፣ ሞገስ ሀብቴ። ትራምፔት፣ ዮሐንስ ተኮላ። ድራም፣ ተማረ ሐረጉ። (ጭብጨባ) አጨብጭቡ፤ ይገባቸዋል። ሰባት ሰው። ባንዱ በየጊዜው የገባበትና የወጣበት ሙዚቀኛ ነበረው፤ ይህ ግን የምንወደው ድምፅ የቆመበት ምሰሶ ነው።

ሁለተኛ፣ ሒልተን።

ከአሥር ዓመት የማይርቅ ጊዜ ሒልተን ተጫወቱ። በአንድ ምሽት ሁለት ዓይነት ባንድ መሆን ነበረባቸው። መጀመሪያ እራት ላይ ለስለስ ያለ ሙዚቃ፤ እንግዳው ከሹካው ድምፅ ጋር የሚሰማው። እንግዳው ደግሞ ዲፕሎማት አለበት፣ ነጋዴ አለበት፣ ከየአገሩ የመጣ ሰው አለበት። ስለዚህ የውጭውንም ዘፈን ማወቅ ግድ ነው። ሌሊቱ ሲገፋ ደግሞ ዳንስ ነው። ይህ ሥራ በየቀኑ ሲሆን ሰውን ምን ያደርገዋል? ያስተምራል። አንድ ባንድ ለዓመታት በየሌሊቱ አብሮ ሲጫወት በጥቅሻ መግባባት ይጀምራል። «ቼ በለው» ላይ የምትሰሙት ያ ነው። ስቱዲዮ ገብተው የተገናኙ ሰዎች እንደዚያ አይጫወቱም።

ከዚያ 1966 ዓ.ም. መጣ፤ ይህን በእኛው አቆጣጠር ልበለው፤ አብዮቱ። ንጉሡ ወረዱ፣ ደርግ ገባ፣ የሰዓት እላፊ ታወጀ። የሰዓት እላፊ የምሽት ክበብን ይገድላል አይደል? ብዙዎቹን ገድሏል። ሒልተን ግን ሰው ቀድሞ ይገባና በሩ ይዘጋል፤ ከዚያ እስኪነጋ የሚወጣ የለም። መውጣት አይቻልማ! ስለዚህ ባንዱ እስኪነጋ ይጫወታል።

የአክስቴ ባል ከእነዚያ ሌሊቶች ጥቂቱን ያሳለፈ ሰው ነበር። ነፍሱን ይማረው። ብዙ የማያወራ ሰው ነው፤ ስለዚያ ዘመን ብትጠይቀው ርዕስ ይለውጣል። አንድ ጊዜ ግን በዓል ነበር፣ ካሴቱን ከፈትኩና ዝም አልኩ። ቆይቶ፣ ቆይቶ ተናገረ። «ያን ሌሊት ማን እንደዘፈነ አላስታውስም» አለኝ። «ከበሮ መቺው ግን ይታየኛል። ውጭ ተኩስ ሲሰማ ሁላችንም ቀና አልን። እሱ ቀና አላለም። ምቱን አላቋረጠም። እሱ ካላቋረጠ እኛም ዳንሱን አላቋረጥንም።» ይህን ብሎ ሻዩን ጠጣ። ሌላ ጊዜም አልደገመልኝም።

ወገኖቼ፣ ይህን ሰው አስቡት። የዘፋኙን ስም ረስቷል። ፍርሃቱን ያስታገሠለትን የድራም ምት ግን አልረሳም። ሙዚቀኛ ምን ያደርጋል ብሎ ለሚጠይቀኝ ሰው እኔ ይህን ነው የምነግረው።

ወደ ሸክላው ልምጣ። 1977። «ቼ በለው»። ከሰባቱ ጋር ሙላቱ አስታጥቄ በቫይብራፎን ተጨምሯል። ሙሉ አልበም፣ አንድም ግጥም የለበትም። በዚያ ዘመን በአገራችን እንዲህ ያለ አልበም በጣት የሚቆጠር ነው። ለምን እንደዚያ አደረጉ? የየራሳችን ግምት ይኖረናል። የኔን ልንገራችሁ፤ ያን ጊዜ ግጥም ሁሉ በሳንሱር ያልፍ ነበር። ግጥም ከሌለህ ደግሞ የሚሰረዝብህ ቃል የለም። ግን ይህ ብቻ አይመስለኝም። ኃይሉ ኦርጋኑን ሲጫወት አዳምጡት። ዘፋኝ ድምፁን እንደሚያንቆረቁረው፣ እንደሚሰብረው፣ እንደሚያዘገየው ነው የሚጫወተው። «ሎሚ ተራ ተራ»ን ሁላችንም በልጅነታችን እየተጫወትን ያደግንበት ነው፤ ቃሉን በልባችን እናውቀዋለን። ኦርጋኑ ዜማውን ሲያነሳ ቃሉን የሚጨምረው አድማጩ ነው! እናንተ ቤታችሁ ሆናችሁ በልባችሁ ትዘፍናላችሁ። ስለዚህ በዚያ አልበም ላይ ዘፋኙ አድማጩ ነው ብል ማጋነን አይሆንብኝም።

አሁን ደግሞ ደጋፊዎች ሁሌ የምንከራከርበትን ላንሳ። በዚሁ አልበም ላይ ያለው «ሙዚቃዊ ስልት» የተባለው ዜማ የማን ነው? አንዱ የሙላቱ ነው ይላል፤ ኢትዮ-ጃዝ የሚል ቃል ሲሰማ ሁሉን ለሙላቱ ይሰጣል። ሌላው የኃይሉ ነው ይላል፤ ሸክላው በኃይሉ ስም ስለሚታወቅ። ድርሰቱ የግርማ በየነ ነው። ልድገመው? የግርማ በየነ ነው! ፒያኖ ላይ የተቀመጠው ሰው። ለዘመኑ ዘፋኞች እጅግ ብዙ ዘፈን ያቀናበረ፣ በራሱ ድምፅ የዘፈናቸው ግን ጥቂት ብቻ የሆኑ ሰው። ይህ ዜማ ዛሬ ከእኛ አገር ከወጡት ዜማዎች ሁሉ በውጭ ባንዶች በብዛት ከተጫወቱት አንዱ ነው። በአሜሪካ ዳክታሪስ የሚባሉት ተጫውተውታል፣ አይዘር ኦርኬስትራ የሚባሉት ተጫውተውታል። አማርኛ የማይሰማ ሰው ይጨፍርበታል። እኛ ደግሞ የደራሲውን ስም አናውቅም። ይህ ይገባናል ወይ? እውነት ይገባናል?

(አንድ ታዳሚ፦ «ከዳህላክ ጋር የሠራውስ?») ጥሩ ጥያቄ ነው። «ወደ ሐረር ጉዞ» 1978 ነው። ኃይሉ ከዳህላክ ባንድ ጋር የሠራው ነው፤ ዳህላኮች ያን ጊዜ ግዮን ሆቴል ነበሩ። ብዙ ሰው የዋሊያስ አልበም ይመስለዋል፤ አይደለም። ሁለቱን ለማመሳከር ደግሞ በጣም ይጠቅማል። ሰውዬው አንድ፣ ኦርጋኑ አንድ፣ ባንዱ ሲለወጥ ግን ሙዚቃው ይለወጣል። እኔ ስለ አጃቢ የምጮኸው ለምን እንደሆነ ሁለቱን አከታትላችሁ ብትሰሙ ትረዱኛላችሁ።

ሦስተኛ፣ አሜሪካ።

በ1981 ዋሊያስ ወደ አሜሪካ ተጓዘ። ለኮንሰርት አሜሪካን የረገጠ የመጀመሪያው ዘመናዊ የኢትዮጵያ ባንድ ነው። ህልማቸው ትልቅ ነበር። የጠበቃቸው ታዳሚ ግን በአብዛኛው የኛው ሰው ነው፤ ከአገሩ የተሰደደ፣ ናፍቆት የገደለው ሰው። በዚያ አዳራሽ ውስጥ ምን ዓይነት ለቅሶ እንደነበር መገመት አያቅታችሁም።

ጉዞው ሲያልቅ ባንዱ ለሁለት ተከፈለ። ኃይሉ፣ ግርማ፣ ሞገስ፣ መላከ እዚያው ቀሩ። ሌሎቹ ተመለሱ። የቀረውም የተመለሰውም የየራሱን ዋጋ ከፍሏል፤ እኔ በሁለቱም ላይ አልፈርድም። የቀሩት ዙላ ባንድ የሚል አቋቁመው ጥቂት ተጫወቱ።

አሁን ቅድም አደራ ያልኳችሁን አኮርዲዮን አምጡልኝ። በ1985 ኃይሉ ዋሽንግተን ውስጥ ብቻውን ስቱዲዮ ገባ። ባንድ የለም፣ ተማረ የለም፣ ዮሐንስ የለም። አኮርዲዮኑን ይዞ፣ በኤሌክትሪክ ፒያኖና በሲንተሳይዘር ራሱን በራሱ እያጀበ «ሸሞንሟናዬ»ን ቀረጸ። ይህን ካሴት ስሰማ እኔ የምሰማው የጎደሉትን ነው። በእያንዳንዱ ዜማ ውስጥ ሞገስ የሚገባበት ቦታ አለ፤ ሞገስ አይገባም። ኃይሉ ራሱ በሌላ መሣሪያ ይሞላዋል። ካሴቱ ውብ ነው። በጣም ውብ ነው። ግን ጓደኞቹ የሌሉበት ሰው የሠራው ውበት ነው።

የቀረውን ታሪክ ታውቁታላችሁ፤ ጋዜጣው ሁሉ ጽፎታል። ኃይሉ ለዓመታት ዋሽንግተን ውስጥ ታክሲ ነዳ። ደንበኛ እስኪመጣ ድረስ መኪናው ውስጥ ኪቦርድ እያወጣ ይለማመድ ነበር። አንድ አሜሪካዊ ካሴቱን ባሕር ዳር ገበያ ላይ አገኘው፣ ፈለገው፣ በ2013 እንደገና ታተመ። «ቼ በለው» በ2014 ተከተለ። በ2018 «ላላ በሉ»፣ በ2020 «የኔ ምርጫ» አዳዲስ አልበሞች ወጡ፤ ሰውዬው በሰባዎቹ ዕድሜው ዓለምን ዞረ። ግርማም እንደዚሁ፤ ለረጅም ዘመን ከሙዚቃ ርቆ ቆይቶ በ2017 አካሌ ውቤ ከሚባሉ የፓሪስ ልጆች ጋር አልበም ሠራ፤ ኢትዮፒክስ የሚባለው የኢትዮጵያ ሙዚቃ ተከታታይ አልበም 30ኛ ቅጽ ሆኖ ወጣ።

ደስ ይላል? ደስ ይላል! እኔም አንብቤ አልቅሻለሁ። ግን አንድ ነገር ይከነክነኛል። ታሪኩ ሁሌ «የጠፋው ታክሲ ነጂ ተገኘ» ተብሎ ነው የሚነገረው። ማን ዘንድ ነው የጠፋው? ካሴቱ የተገኘው ባሕር ዳር ነው፤ ሱቅ ውስጥ፣ እየተሸጠ! በሬዲዮ በዜናና በዜና መካከል ስንቱን ዓመት የዋሊያስን ዓይነት ሙዚቃ ሰምተናል? እናቶቻችን ምግብ እያበሰሉ ሰምተውታል። ሙዚቃው አልጠፋብንም። የጠፋብን ስማቸው ነው። ዜማውን ይዘን ስሙን ጣልነው። ጉዳዩ ያለው እዚህ ላይ ነው፤ ይህን ደግሞ ሌላ ሰው መጥቶ አያስተካክልልንም።

ቤዝ የሚጫወት ጓደኛ አለኝ። ሠርግ ላይ፣ ምሽት ላይ ይሠራል። ዝግጅቱ ሲያልቅ ሰው ወደ መድረኩ ይመጣል፣ ከዘፋኙ ጋር ፎቶ መነሳት ይፈልጋል። ስልኩን ለማን ይሰጣል? ለእሱ! «እባክህ አንሳን» ይሉታል። ያነሳቸዋል። አንድ ቀን አብሬው ነበርኩና ጠየቅኩት፤ አይከፋህም ወይ አልኩት። «ፎቶው አይደለም» አለኝ፤ «ያን ሁሉ ሰዓት ያስጨፈርኳቸው እኔ መሆኔን አለማወቃቸው ነው።» እንግዲህ መላከ ገብሬም ቤዝ ተጫዋች ነበር። ስንት ጊዜ ስልክ ባይኖር እንኳ እንዲህ ያለ ነገር ገጥሞት ይሆን?

ስለዚህ ልለምናችሁ። ልመና ነው፤ በእውነት ልመና ነው።

የድሮ ዘፈን ኢንተርኔት ላይ የምትጭኑ ወጣቶች፣ የዘፋኙን ስም ስትጽፉ ከሥሩ ባንዱን ጻፉ። የካሴቱ ሽፋን ላይ ተጽፎ ከሆነ ድርሰቱን፣ ቅንብሩን፣ ቤዙን፣ ድራሙን፣ ሁሉን ጻፉ። በጥቃቅን ፊደል ነው የሚጻፈው፤ አጉልታችሁ አውጡት። ቤታችሁ ውስጥ ሸክላ ወይም ካሴት ካለ ሽፋኑን አትጣሉ። ሙዚቃው ሌላ ቦታ ይገኝ ይሆናል፤ ስሞቹ ያሉት ግን ሽፋኑ ላይ ነው። ሽፋኑን ፎቶ አንሱት፣ ዛሬ ማታ አንሱት።

ታላላቆቼ ሆይ፣ እናንተ ደግሞ የምታውቁትን ተናገሩ። «ምን ይጠቅማል» አትበሉ። ሒልተን በዚያ ሌሊት ማን እንደተጫወተ፣ ማን ታሞ ማን እንደተካው፣ መድረኩ በየት በኩል እንደነበር፣ ይህ ሁሉ ታሪክ ነው። ልጆቻችሁ ስልካቸውን ከፍተው ይቅረጹአችሁ። የአክስቴን ባል እኔ አልቀረጽኩትም፤ ቃሉ በእኔ ጆሮ ብቻ ነው ያለው።

ከዋሊያስ ዘመን ሙዚቀኞች በሕይወት ያሉትን የምታውቁ ካላችሁ፣ ሄዳችሁ ጠይቁአቸው። ሽልማት ይዛችሁ መሄድ የለባችሁም። «በዚያ ዘፈን ላይ የተጫወትከውን ሰምቼዋለሁ» በሏቸው፤ ለሙዚቀኛ ከዚህ በላይ የሚያስደስት ነገር መኖሩን እጠራጠራለሁ።

በቃ፣ ብዙ ተናገርኩ። አሁን «ሙዚቃዊ ስልት»ን እንሰማለን፤ ሦስት ጊዜ እንሰማለን። በመጀመሪያው ዙር ሌላውን ሁሉ ትታችሁ ቤዙን ብቻ ተከተሉ፤ አንዱን ሐረግ ይዞ እንዴት እንደሚመላለስ። በሁለተኛው ድራሙን። በሦስተኛው የትንፋሽ መሣሪያዎቹን፤ ሳክስፎኑና ትራምፔቱ ዜማውን ሲያነሱ ኦርጋኑ ምን እንደሚመልስላቸው አዳምጡ። መጨፈር የምትፈልጉ ወንበሮቹን ገፋ አድርጉ። ከዚያ በኋላ መድረኩ የእናንተ ነው፤ ሒልተን የነበራችሁ ታላላቆች ቀድማችሁ ትናገራላችሁ፣ እኔ እጽፋለሁ።

አመሰግናለሁ። እስቲ ክፈትልን።